የፊልሞቻችን ማደሪያ

ዛሬ ስለ አንዲት ሻንጣ እናወጋችኋለን። ሻንጣዋ የምትገኘው ከጣና ሐይቅ ምዕራባዊ ዳርቻ፣ ቁንዝላ ከተማ፣ በአንድ ዘመዳችን ቤት አልጋ ሥር ነው። በውስጧ 23 የቪዲዮ ካሴቶች፣ ከ60 የማያንሱ ቪሲዲዎች፣ ሦስት የመንዙማ ካሴቶችና የማን እንደሆነ ያልታወቀ አንድ የተሰበረ ሪሞት ይገኛሉ። የቤቱ ወጣቶች «ይህን ሁሉ በአንድ ኮምፒውተር ላይ አከማችተን፣ በሳሎኑ ቴሌቪዥንም በየስልካችንም ማየት እንፈልጋለን፤ እንዴት እናድርግ?» ብለው ጠየቁን። እኛም በጽሑፍ ከመመለስ ይልቅ ሄደን ማየቱን መረጥን።

ከባሕር ዳር ተነሥተን፣ በመራዊና በዱርቤቴ አድርገን ቁንዝላ ገባን። በቀድሞው ጊዜ ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ የምትመላለሰው ጀልባ ዘጌን፣ ቁንዝላንና ደልጊን እየነካች ታልፍ ስለነበር፣ የከተማዋ ዕቃ ብዙው በሐይቁ ነበር የሚመጣው። የቤቱ አባወራ እንዳጫወቱን፣ የቪዲዮ ካሴትም ከስኳርና ከጨርቅ ጋር በዚያችው ጀልባ ተጭኖ ይደርስ ነበር። አንድ ዴክና አንድ ቴሌቪዥን ያለው ሰው ግቢውን በሸራ ጋርዶ፣ አግዳሚ ደርድሮ፣ ሳንቲም እያስከፈለ የሕንድ ፊልም ያሳያል። «ቋንቋውን የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም፤ ለማልቀስ ግን ማንም አይቀድመንም ነበር» አሉን እየሳቁ።

ሻንጣዋ ስትከፈት ግን የሕንድ ፊልሙ ጥቂት ሆኖ አገኘነው። አብዛኞቹ ካሴቶች የቤተሰቡ የራሱ ናቸው። የአባወራው አባት ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ በየካቲት 1991 ለሐጅ ጉዞ ሲሸኙ የተቀረጸ አለ። የሁለት ልጆች ሠርግ አለ። የአንደኛው ልጅ ቁርኣን ያኸተመበት ቀን አለ። እዚህ ላይ ወጣቶቹን ቆም አድርገን አንድ ነገር ጠየቅናቸው፦ ከዚህ ሻንጣ ውስጥ ቢጠፋ ዳግመኛ የማይገኘው የትኛው ነው? የሕንዱ ፊልም ዛሬም ይገኛል። «አር-ሪሳላ»ን የፈለገ ሰው በማንኛውም ከተማ አያጣውም። የሐጂ ሽኝት ግን በዓለም ላይ ያለው አንድ ቅጂ ብቻ ነው፤ እርሱም በቁንዝላ አልጋ ሥር፣ በላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ስለዚህ ሥራው ከእርሱ ይጀምር አልን። እነርሱ ሊጀምሩ የነበረው ከቱርክ ተከታታይ ድራማዎች ነበር።

ጊዜውም አይጠብቅም። የቪዲዮ ካሴት ማጫወቻ ዴክ ሲሠራ የቆየው የጃፓኑ ፉናይ ኩባንያ ማምረቱን ያቆመው በሐምሌ 2008 ነው። ዛሬ የሚገኘው ዴክ ሁሉ አሮጌ ነው፤ ሲበላሽ መለዋወጫው ከሌላ አሮጌ ዴክ ይነቀላል። ካሴቱ ራሱም ያረጃል። ምስሉ የተያዘው በስስ ላስቲክ ላይ በተለጠፈ የማግኔት ቅባት በመሆኑ፣ በተለይ እንደ ሐይቅ ዳር ያለ እርጥበት የማይለየው ቤት ሻጋታ ይይዘዋል። በካሴቱ መስኮት በኩል ስናይ ሁለቱ ላይ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር አገኘን። እነዚህን ለይተን አስቀመጥናቸው፤ ምክንያቱም የሻገተ ካሴት ዴክ ውስጥ ከገባ የዴኩን ራስ ያቆሽሻል፣ ሻጋታውም ከዚያ በኋላ ወደሚገባው ጤነኛ ካሴት ይተላለፋል። የሻገተውን የሚያጸዳ ባለሙያ እስኪገኝ መጠበቁ ይሻላል።

ለመሆኑ የቤት ሰርቨር ምንድን ነው? በየግቢያችን ያለውን የውሃ ሮቶ አስቡት። ሮቶው አንድ ጊዜ ይሞላል፤ ከዚያ የወጥ ቤቱም፣ የመታጠቢያ ቤቱም፣ የግቢውም ቧንቧ ከእርሱ ይቀዳል። የከተማው ውሃ ቢቋረጥ እንኳ ቤቱ አይጠማም። የቤት ሰርቨርም እንዲሁ ነው። ፊልሞቹ በአንድ ኮምፒውተር ላይ ይከማቻሉ፤ ቴሌቪዥኑና ስልኮቹ በቤቱ ዋይፋይ አማካይነት ከእርሱ እየቀዱ ያሳያሉ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ዋይፋይና ኢንተርኔት አንድ ስለሚመስሉት ነው። ራውተሩ የኢንተርኔት መስመር ባይገባለትም በቤት ውስጥ ያሉትን ዕቃዎች እርስ በርስ ያገናኛል። በ2015 በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቆይ፣ እንዲህ ዓይነት ሮቶ የነበረው ቤት ቢያንስ የልጆቹን ትምህርትና ፊልም አላጣም ነበር። የትምህርት ነገር ካነሣን ኪዊክስ የሚባል ነጻ ፕሮግራም ሙሉውን ዊኪፒዲያ አውርዶ ያለ ኢንተርኔት ለማንበብ ያስችላል፤ ከፊልሞቹ ጎን ቢቀመጥ አይጎዳም።

ለሰርቨሩ የተመረጠው የታላቁ ልጅ አሮጌ ላፕቶፕ ነው። ስክሪኑ ተሰንጥቋል፣ ከፊደል ቁልፎቹም ሁለቱ ጠፍተዋል። ልጁ አፍሮበት አዲስ ዴስክቶፕ ልንገዛ ነው ሲል ከለከልነው። እንደ ቁንዝላ መብራት ደጋግሞ በሚሄድበት ቦታ ባትሪ ያለው አሮጌ ላፕቶፕ፣ ባትሪ ከሌለው አዲስ ዴስክቶፕ ይበልጣል። መብራት ድንገት ሲሄድ ሃርድ ዲስኩ እየጻፈ ከሆነ ፋይሉ ይበላሻል፤ ላፕቶፕ ግን ባትሪው ይዞት ይቆያል። (ከጣና ምዕራብ ዳርቻ ውሃ ወስዶ ከ2002 ጀምሮ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ጎረቤታቸው ሆኖ ሳለ መብራቱ ለምን እንደሚመላለስ አባወራው በሰፊው አስረድተውናል፤ ዓምዳችን ስለማይበቃው አልፈነዋል።)

ካሴቱን ወደ ኮምፒውተር የሚያስገባው በአንድ ጫፉ የዴኩን ቀይ፣ ነጭና ቢጫ ገመዶች የሚቀበል፣ በሌላው ጫፉ ላፕቶፑ ላይ የሚሰካ፣ ጣት የምታህል ዕቃ ነው። አቋራጭ የለውም። ሁለት ሰዓት የሚፈጅ ካሴት ለመገልበጥ ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በመጀመሪያው ቀን ያጋጠመንን እንንገራችሁ። የሙከራው ካሴት እየተገለበጠ ሳለ መብራት ሄደ። ላፕቶፑ በባትሪው መሥራቱን ስላላቋረጠ ሁላችንም ደስ ብሎን ወደ ምሳ ሄድን። ስንመለስ ላፕቶፑ 40 ደቂቃ ሙሉ ጥቁር ምስል በትጋት ሲቀርጽ ቆይቷል፤ ለካ ዴኩ ባትሪ የለውም! ካሴቱም ዴኩ ውስጥ ተይዞ ነበርና መብራት እስኪመጣ መጠበቅ ግድ ሆነ። ከዚያ በኋላ ሥራው መብራቱ ወደሚረጋጋበት ወደ ሌሊት ዞረ። ከኢሻ በኋላ አንዱ፣ ከፈጅር በፊት ሌላው ይገለበጥ ጀመር።

የመጠኑን ነገር ስናሰላ ሌላ ነገር ተገለጠልን። ወጣቶቹ 4 ቴራባይት ሃርድ ዲስክ ሊገዙ አስበው ነበር። በደህና ጥራት የተገለበጠ የካሴት ቪዲዮ በሰዓት 1 ጊጋባይት ያህል ይይዛል። 23 ካሴት በአማካይ ሁለት ሁለት ሰዓት ቢሆን 46 ጊጋባይት ነው። አንድ ቪሲዲ 700 ሜጋባይት ቢይዝ 60ው 42 ጊጋባይት ይሆናል። ሁሉም ተደምሮ 100 ጊጋባይት አይሞላም! ስለዚህ በአንድ ትልቅ ዲስክ ገንዘብ ፋንታ ሁለት ትንንሽ ይገዛ አልን። ሁለተኛው ዲስክ ቅጂው ከተሞላበት በኋላ ባሕር ዳር ወዳለው ወንድማቸው ቤት ተልኮ፣ በዓመት ሁለቴ ለዒድ ሲመጣ እየተሞላ ይመለሳል። ሌባ፣ እሳትና ጎርፍ ሁለት ከተማ በአንድ ቀን አይጎበኙም። ቪሲዲዎቹን በተመለከተ ምስላቸው ሲሠራም 352 በ288 ነጥብ ብቻ ስለሆነ በትልቅ ቴሌቪዥን ላይ ደብዘዝ ማለቱን ምንም ሰርቨር አያድነውም። እንደነበሩ መገልበጥ እንጂ እንደገና መጭመቅ ይብሱን ያበላሻቸዋል።

ፊልሞቹን በሥርዓት ደርድሮ የሚያቀርበው ፕሮግራም ጄሊፊን ይባላል። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2018 ኤምቢ ከሚባለው ተገንጥሎ የወጣ፣ ክፍያ የማይጠይቅ ፕሮግራም ነው። ፕሌክስ የሚባለው ቀደምት ነው፤ ነገር ግን አካውንቱ በኩባንያው በኩል ስለሚከፈት ኢንተርኔት ለሚመላለስበት ቤት አልመረጥነውም። ጄሊፊን የሁሉንም የቤት አባል ስምና የይለፍ ቃል እዚያው ላፕቶፑ ላይ ይይዛል፤ ለትንሹ ልጅ የትኛው መደርደሪያ እንደሚከፈት፣ የትኛው እንደሚዘጋ ወላጅ ይወስናል። አንድ ጥንቃቄ ብቻ አለው። ፊልሙ ቴሌቪዥኑ በማያውቀው ዓይነት ከተቀመጠ ሰርቨሩ እየቀየረ ለማቅረብ ይታገላል፤ አሮጌ ላፕቶፕ ደግሞ ለዚህ አቅም የለውም፤ ይግላል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ኤች 264 በሚባለው አሠራር፣ በኤምፒ ፎር ማስቀመጥ ነው። የአማርኛ ጽሑፍ ከፊልሙ ሥር ማሳየት የሚፈልግ ደግሞ ፋይሉን በዩቲኤፍ 8 ያስቀምጠው። አለበለዚያ ፊደሉ የተዘበራረቀ ምልክት ሆኖ ይወጣል፤ የግዕዝ ፊደል ያልተጫነባቸው ቴሌቪዥኖችም በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ስለሚደረድሩ አስቀድሞ በአንድ ፊልም መሞከር ይበጃል።

እስከዚህ ያለው ቀላሉ ነው። ከባዱ የመጣው በሁለተኛው ቀን የቤቱ ታላቅ ልጅ፣ የአራት ልጆች እናት የሆነችው፣ «የእኔ ሠርግ አይገባም» ባለች ጊዜ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ቤተሰቡ የእርሷን የሠርግ ካሴት ወደ ፍላሽ እንዲገለብጥ ከቁንዝላ ውጭ ላለ አንድ ሱቅ ሰጥቶ ነበር። ሱቁ ሥራውን አሳምሮ ሠራ፤ ገንዘቡንም ተቀበለ። ሁለት ወር ሳይሞላ እህታችን ለቅሶ ቤት ተቀምጣ ሳለ አንዲት የማታውቃት ሴት «ሠርግሽ እንዴት ያምር ነበር!» አለቻት። ሠርጓ የተቀረጸው ከሴቶች ጋር ብቻ በነበረችበት ክፍል፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ ያለ ሒጃብ ነው። ቪዲዮው ከአንድ የማይዛመዳት ጎረምሳ ስልክ ላይ ተገኘ። ሱቁ ሆን ብሎ ሰጥቷል ለማለት አንደፍርም፤ ኮምፒውተሩ ላይ ሳይጠፋ የቀረ ቅጂ ፊልም ሊያስጭን ከመጣ ሰው ፍላሽ ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል። ውጤቱ ግን አንድ ነው። እህታችን ለብዙ ወራት ከቤት መውጣት አቆመች። የሰርቨሩን ነገር ስትሰማም «አንድ ቦታ አስቀምጣችሁ ለሁሉም የምትከፍቱት ከሆነ፣ እንደገና ሰጣችሁኝ ማለት ነው» አለች።

ወንድሞቿ «በይለፍ ቃል እንዘጋዋለን» እያሉ ሊያሳምኗት ሞከሩ። እኛም መጀመሪያ ከእነርሱ ጋር ነበርን። ቆይተን ስናስበው ግን እውነቱ ከእርሷ ጋር ሆኖ አገኘነው። ሰርቨሩን የሚያስተዳድረው ሰው የሁሉንም መደርደሪያ ይከፍታል፤ የይለፍ ቃሉን የሚሰጠውም የሚቀይረውም እርሱ ነው። ታላቅ ወንድሟ ታማኝ ነው፤ ሆኖም በሌለችበት ማየት የሚችል ሰው መኖሩ ብቻውን ለእርሷ ሸክም ነው። የቤቱን የዋይፋይ ቃል ደግሞ ስንት ጎረቤት ያውቀዋል? ስንጠይቅ በጣት ቆጥረው ሰባት ደረሱና ተዉት። (ቃሉ በዚያው ዕለት ተቀየረ፤ ለእንግዳ የሚሰጠውም ለብቻው ሆነ።) ስለዚህ የሴቶቹ ሠርግ ከነጭራሹ ሰርቨሩ ላይ አይወጣም ተባለ።

ታዲያ ካሴቱ ይበስብስ? አይደለም። እህታችን ራሷ ልትገለብጠው ወሰነች። ወንድሟ በአንድ ከሰዓት በኋላ በሕንድ ፊልም ካሴት አሠራሩን አሳያት፤ ገመዱን ሰክታ፣ ቀረጻውን አስጀምራ፣ አቁማ፣ ፋይሉን ማስቀመጥ ቻለች። ከዚያ ዴኩንና ላፕቶፑን ይዛ ከታላቋ ልጇ ጋር ክፍሏን ዘጋች። የተገለበጠው በቀጥታ ቬራክሪፕት በሚባለው ነጻ ፕሮግራም በተቆለፈ ለብቻ ዲስክ ላይ ገባ፤ ላፕቶፑ ላይ ምንም አልቀረም። እዚህ ላይ በጥብቅ የተናገርነው፣ የዚህ ዓይነት ቁልፍ ቃሉ ከተረሳ የሚከፍተው ሰው እንደሌለ ነው። ቃሉ በወረቀት ተጽፎ በፖስታ ታሽጎ ከቤቱ ካርታ ጋር ተቀምጧል። የት እንዳለ እርሷና እናቷ ያውቃሉ።

ጅዳ ያለችው እህታቸው በበኩሏ የአባቷን ሽኝት በስልኳ ማየት እንድትችል ሰርቨሩ ከውጭ እንዲከፈትላት ለምና ነበር። በኢንተርኔት በኩል ለእርሷ የተከፈተ በር ሌላውም ሰው ስለሚያንኳኳው አልደፈርነውም። አንድ ቅጂ በፍላሽ ተደርጎ በዑምራ ተጓዥ ተላከላት።

የተገዙትን ፊልሞች በተመለከተ ረጅም ክርክር ነበር። የኢትዮጵያ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ሰው ለራሱ የግል አገልግሎት ብቻ የታተመ ሥራን በአንድ ቅጂ ቢያባዛ ባለመብቱ ሊከለክለው እንደማይችል ይፈቅዳል፤ ለጎረቤት እየጫኑ ማከፋፈል ግን ሌላ ነገር ነው። የዓለም አቀፉ ኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1988 ኩዌት ላይ ባካሄደው አምስተኛ ጉባኤው የደራሲና የፈጣሪ መብት በሸሪዓ የተጠበቀ መሆኑን ወስኗል። እውነቱን ለመናገር ከ60ዎቹ ቪሲዲዎች ብዙዎቹ በዘመኑ ከመንገድ የተገዙ ግልብጥ ነበሩ። እናትየው «የሰው ሐቅ በቤቴ አይደረደርም» ብለው 37ቱን አስወጡ። ወጣቶቹ ፊታቸው ጠቆረ፤ እኛ ግን ከእናትየው ጋር ነን።

ከቀሩት መካከል ሙስጠፋ አል-ዓቃድ እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራው «አር-ሪሳላ»፣ በ1981 ስለ ሊቢያው ዑመር አል-ሙኽታር የሠራው ፊልምና የኢራናዊው መጂድ መጂዲ የ1997ቱ «የገነት ልጆች» ይገኙባቸዋል። ይህ የመጨረሻው አንድ ጫማ ለሁለት ስለሚጫሙ እህትና ወንድም የሚተርክ ነው፤ የቤቱ ትንሹ ልጅ አይቶት ሲያበቃ ሄዶ የእህቱን ጫማ ለካ። «አር-ሪሳላ» የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስልም ድምፅም ሳያሳይ የተሠራ በመሆኑ ቤቱ ተስማምቶበታል። ታላላቅ ሰሓቦችን በተዋናይ ያሳየውን የ2012ቱን «ዑመር» ተከታታይ ግን ዑለማዎች ስለተለያዩበት አባወራው ለብቻው አቆዩት።

በመጨረሻው ምሽት፣ መግሪብ ተሰግዶ፣ እራት ተነሥቶ፣ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰበ። የሐጂ ባለቤት፣ ዓይናቸው የደከመው አያት፣ ከፊት ተቀመጡ። ቴሌቪዥኑ ላይ የየካቲት 1991 ግቢ ታየ፤ ዛሬ የሌለ የሣር ቤት፣ ዛሬ ትልቅ የሆነ የማንጎ ዛፍ ችግኝ። ሐጂ ነጭ ለብሰው ከደጃፍ ብቅ አሉና ወደ ካሜራው ጠጋ ብለው «ይኼ ነገር እየቀዳ ነው?» አሉ። ከልጅ ልጆቻቸው ስድስቱ ድምፃቸውን ሲሰሙ የመጀመሪያቸው ነበር።

ሐጂ ሰዎቹን አንድ በአንድ ዓውፍ እያሉ ሲሰናበቱ መብራት ሄደ። ሳሎኑ ጨለመ። ላፕቶፑ ግን በባትሪው ላይ ነው፤ ራውተሩም ሌላ ትንሽ ባትሪ ተገዝቶለት ነበርና አልጠፋም። ከልጆቹ አንዱ ስልኩን አውጥቶ ሽኝቱን ከቆመበት ከፈተና ለአያቱ አቀበላቸው። አያት ስክሪኑን አላዩትም። ስልኩን፣ ተደውሎላቸው እንደሚያነሡት፣ ጆሯቸው ላይ አደረጉት።